ጨዋ ልጅ ናት ስንል

ልጄ የተወለደችው ጥር 12 ነው። የጥምቀት ማግስት፣ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ዕለት። መንገዱ ሁሉ በሕዝብ ተሞልቶ ስለነበር ባለቤቴ ሆስፒታል የደረሰው ከተገላገልኩ በኋላ ነው። አሁንም ድረስ ይህን ሲያነሳ ይቆጨዋል።

ቀኗ የተቆጠረው ለየካቲት አጋማሽ ነበር። ገና በ35 ሳምንቷ መጣች። 2.3 ኪሎ ነበረች። ሐኪሙ አያትና «ትንሽ ቸኩላለች እንጂ ደህና ናት» አለን። በማግስቱ ወደ ቤት ሄድን። ያ «ትንሽ ቸኩላለች» የሚለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቀው ይገባ ነበር። አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር።

በዘጠነኛ ቀኗ ልናጣት ነበር።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ገና ሆስፒታል እያለሁ ነው። ከጡቴ የወጣው ወተት ወተት አይመስልም። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ነው። ነርሷ «ይህቺን አጥቢያት፤ ጠብታም ብትሆን» ብላኝ ሄደች። ልታየኝ የመጣች ዘመዴ ደግሞ «እሱ የከረመ ነው፣ ሆዷን ይቆርጣታል። አልበሽ ጣይው፤ ነጩ ሲመጣ ታጠቢያታለሽ» አለችኝ። ነርሷ ሄዳለች፣ ዘመዴ አጠገቤ ናት። የዘመዴን ሰማሁ። ያን ቢጫ ነገር በጨርቅ እየጠረግኩ ጣልኩት።

ቤት ስንገባ አማቴ በጣታቸው ጫፍ ለጋ ቅቤ አላሷት። ለአንጀቷ ማለስለሻ ነው። ስኳር የተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃም በማንኪያ ቀመሰች። አማቴን ልወቅስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ባለቤቴንም ወንድሞቹንም እንዲሁ ነው ያሳደጉት፤ ልጄንም ከእኔ እኩል ይወዷታል። እኛ ቤት ብቻም አይደለም የሚደረገው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሕፃናት 8ቱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከጡት ወተት ሌላ ነገር እንደቀመሱ ተመዝግቧል።

ከዚያ በኋላ እንግዳው ጀመረ። አራስ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ እጣኑ ይጨሳል። ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል፤ በሩ ሥር እንኳን ጨርቅ ተወሽቋል። ለሰው ዓይን ደግሞ ትራሷ ሥር ቢላ አለ። ከሁሉም ነገር ጠብቀናታል፤ ከእጃችን በስተቀር። አንድም ሰው ልጅቷን ከማቀፉ በፊት ሲታጠብ አላየሁም። ለገንፎው ሁሉም ታጥበዋል።

ጥር 21፣ የአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ልጄ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ያቀፋት ሁሉ ግንባሯን ይስማል፣ እጇን ይስማል። እሷ ግን ምንም አትልም። «አታለቅስም እኮ! እንዴት ያለች ጨዋ ናት!» አሉ። እኔም ኮራሁ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ እንዲህ ናት፣ አላስቸገረችኝም» አልኩ። ይህን በራሴ አፍ ነው የተናገርኩት።

እውነቱን ስናገር፣ ለሊቱን ሁሉ ለመጥባት አልነቃችም። ቀድሞ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ትነሳ ነበር። ያን ዕለት ግን በአንድ ጊዜ አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ስቀሰቅሳት ጡቱን ትይዝና ሁለት ጊዜ ስባ ትለቀዋለች። እኔ እንቅልፍ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ 11 ሰዓት ላይ አንዲት ጎረቤታችን ገባች። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነው። ገና እንደገባች «ውሃና ሳሙና የት ነው?» አለች። እኔ ቡና ልታፈላልን መስሎኝ ነበር። ታጥባ ተመለሰችና ልጄን ተቀበለቻት። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ አየቻት። ከዚያ «መቼ ነው የጠባችው?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም።

አልጋው ላይ አስተኛቻትና ጥቅልሉን ፈታችው። በጣቷ የውስጥ እግሯን ጠቅ ጠቅ አደረገች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እግሯን ሰብስባ ትጮሃለች። አሁን አውራ ጣቷ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ሲስተር ትንሿን ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፤ አልጠባችም። የእጅ ሰዓቷን እያየች የልጄን ትንፋሽ ቆጠረች። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። 68። ከዚያ ከቦርሳዋ ቴርሞሜትር አውጥታ ብብቷ ሥር አደረገች። 35.3።

አማቴ «ትኩሳት እንኳን የላትም እኮ» አሉ፣ ሊያጽናኑኝ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ነው የከፋው» አለቻቸው።

ከእንግዶቹ አንዷ «እንጥሏ ወርዶ ይሆናል፤ የምታወጣ ሴት አውቃለሁ» አለች። ሲስተር ዘወር ብላ አላየቻትም። «ተነሺ። አሁን። ነገ አይባልም» አለችኝ። ልጄን ራቁቷን፣ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋ፣ ደረቴ ላይ ልብሴ ውስጥ ከተተቻት። ከላይ በጋቢ ሸፈነችን። ለካ ከብርድ ልብስ ይልቅ የእናት ገላ ነው ጨቅላን የሚያሞቀው። ታክሲ ውስጥ ትንፋሿን አንገቴ ሥር እየቆጠርኩ ሄድኩ።

መጀመሪያ የሄድንበት ሆስፒታል አልጋ የለም አለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማንም ሳይነግረኝ በዕድል ነው ያገኘሁት። ሲስተር በር ላይ ቆማ «ቢያንስ የመጀመሪያዋን መርፌ ስጧትና ላኳት» ብላ ተከራከረችልን። ሰጧት፤ ሪፈር ወረቀቱንም ጻፉ፤ ወደሚቀጥለውም ሆስፒታል ደወሉ። ሁለተኛው ቦታ እስክንደርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶብናል። መድኃኒቱ ግን ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንደኛ ወደ ሌላ ከተላካችሁ፣ «መንገድ ከመጀመሯ በፊት የሚሰጣት ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተደውሎላችሁ እንደሆነም አረጋግጡ።

ሁለተኛው ሆስፒታል ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስገቧት። እዚያ ሕፃናቱ ገና ስም ስላልወጣላቸው በእናታቸው ስም ነው የሚጠሩት። የኔ ስም በፕላስተር ላይ ተጽፎ ማሞቂያው ላይ ተለጠፈ። ደም ተወሰደ፤ ማጅራት ገትር እንዳይሆን ከጀርባዋም ፈሳሽ ተቀዳ። አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ጀመሩላት። ሐኪሟ «ደሟ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል ብለን ነው የምናክማት» አለችን።

በሦስተኛው ቀን፣ ልጄ ዓይኗን ከገለጠች በኋላ፣ ያችን ሐኪም ያዝኳት። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቤት ነው የነበረችው። ብርድ አልነካትም። ከየት መጣ?» አልኳት። ኮሪደር ላይ ቆማ ያስረዳችኝን ነገር ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ብዙ ነገር አላደርግም ነበር። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሕፃን ሲወለድ በሽታ የመከላከል አቅም የለውም የሚባለው ትክክል አይደለም አለችኝ። ወታደሮቹ አሉ፤ የሌላቸው ልምድ ነው። ዘጠኝ ወር ያህል የኖሩት ጸጥ ባለ ቦታ ነው። እንዲያውም ማህፀን ውስጥ የሚማሩት ዝም ማለትን ነው። ሕፃኑ ግማሹ የአባቱ ነው፤ የእናቱ ገላ ለእሱ እንግዳ፣ እሱም ለእሷ እንግዳ ነው። ሁለቱ እንዳይጣሉ የሕፃኑ መከላከያ ረጋ ብሎ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ሲወለድም ያ ጠባይ ወዲያው አይለቀውም። ትልቅ ሰው ተህዋስ ሲገባበት ያተኩሳል፣ ይንቀጠቀጣል። ጨቅላ ግን ብዙ ጊዜ ያ ጉልበት የለውም። ይልቁንም ይቀዘቅዛል፣ ይተኛል፣ መጥባት ይተዋል። ነጭ የደም ሴሎቹም ቢሆኑ በመቅኔው ውስጥ ያላቸው ክምችት ትንሽ ስለሆነ ከባድ ኢንፌክሽን ቶሎ ያሟጥጣቸዋል።

ጨዋ ያልናት ለዚህ ነበር።

«ታዲያ ሌሎቹ ሕፃናት እንዴት ይተርፋሉ?» አልኳት። «በስንቅ» አለችኝ። እናት በሕይወቷ ታማ ከዳነችው በሽታ፣ ከተከተበችውም ክትባት ያገኘቻቸው ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም ተህዋስን የሚዋጉ ነገሮች፣ ደሟ ውስጥ አሉ። እነሱ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራሉ። አብዛኛው የሚሻገረው ግን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ቀኑን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን ደሙ ውስጥ ያለው መጠን የእናቱን ያህል ነው፤ አንዳንዴም ይበልጣል። የኔ ልጅ አምስት ሳምንት ቀድማ ወጣች። ስንቋ ሳይሞላ ነው መንገድ የጀመረችው። «ትንሽ ቸኩላለች» ማለት ይህ ነበር።

ሁለተኛው ስንቅ ያ በጨርቅ ጠርጌ የጣልኩት ቢጫ ወተት ነው። እሱ ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ከፊተኛው ይለያል። አብዛኛው ወደ ደም አይገባም፤ የሕፃኑን አፍ፣ ጉሮሮና አንጀት ይለስናል። እኔ ያደግኩት የጭቃ ቤት ውስጥ ስለሆነ ይህ አባባል ወዲያው ገባኝ። ያልተለሰነ ግድግዳ ስንጥቁ ብዙ ነው፤ ነፋሱም ተባዩም ይገባበታል። እኛ ልስኑን ጥለን፣ በባዶው ግድግዳ ላይ ማን እንደነካው የማይታወቅ ቅቤ ቀባን። ሐኪሟ በእርግጠኝነት ቅቤው ነው አላለችኝም። እጃችንም ሊሆን ይችላል፣ እትብቷም ሊሆን ይችላል። እኔም ከማን መጣ የሚለውን መፈለጉን ተውኩት።

አንድ የሚያጽናና ነገርም ነገረችኝ። የእናት ወተት በየቤቱ ይለያያል። እኔ ቤቴ ውስጥ የምተነፍሰውን፣ የምበላበትን ቦታ ተህዋስ የኔ ገላ ያውቀዋል፤ ለሱ የሚሆነውን ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ በወተቴ ይልክላታል። ያ ሁሉ ጠብታ ባይመለስም ዛሬ የማልባት ወተት ዛሬ ይጠቅማታል ማለት ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማለብ ሥራዬ ሆነ።

ከክፍሉ ውጭ አንድ ረጅም አግዳሚ ነበር። በየሦስት ሰዓቱ እናቶች ተደርድረን እንቀመጥና በእጃችን እናልባለን። የመጀመሪያው ቀን ጽዋዬ ሥር የተጠራቀመችው ወተት የቡና ማንኪያ አትሞላም። አፈርኩ። አጠገቤ መንታ ያላት ከገጠር የመጣች እናት ነበረች፤ እጄን ይዛ አሳየችኝ። «ጫፉን አትጭመቂው፤ ከጥቁሩ ወደ ኋላ ራቅ ብለሽ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጨበጥ» አለችኝ። ወረደ። ነርሷ አምስት ሚሊ ሊትሯን በሲሪንጅ ስባ፣ በአፍንጫዋ በገባው ቱቦ ቀስ አድርጋ ስትለቀው ቆሜ አየሁ። ቢጫነቱ ለቆ ነበር። እናቴ በፔርሙስ አጥሚት ታመላልሳለች። በስድስተኛው ቀን አምስቷ ሚሊ ሠላሳ ሆነች፤ በስምንተኛው ቀን ልጄ ራሷ ጡቴን ያዘች።

ደሟ ውስጥ ተህዋስ ካለ አብቅሎ የሚያሳየው ምርመራ፣ ካልቸር የሚሉት፣ ውጤቱ ሲመጣ ምንም አላበቀለም። ባለቤቴ «እንግዲህ ካልታመመች እንውጣ» አለ፤ የአልጋውም ነገር፣ የሥራውም ነገር አስጨንቆት ነበር። እዚህ ላይ ልንሳሳት ምንም አልቀረንም። ሐኪሟ ካልቸር ባዶ ሆነ ማለት ኢንፌክሽን አልነበረም ማለት እንዳልሆነ፣ በተለይ መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ደም ከተወሰደ ተህዋሱ ላይበቅል እንደሚችል አስረዳችን። 10 ቀኑን ጨረስን። መድኃኒት መሀል ላይ አቋርጠው የወጡ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዷ ልጇን ይዛ ስትመለስ አይቻለሁ።

ቤት ስንመለስ ሕግ አወጣን። እኔ ሳልሆን ባለቤቴ ነው የተናገረው፤ ከምራት አፍ ቢወጣ ሌላ ጣጣ ነበር። በር ላይ ውሃና ሳሙና ተቀመጠ። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቃል። መሳም እግሯን ብቻ። መስኮቱ ቀን ቀን ይከፈታል፤ እጣን እሷ ያለችበት ክፍል አይጨስም። እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም አትቀምስም። የተቀየሙ ነበሩ። አማቴ ግን የመጀመሪያዋ ዘበኛ ሆኑ። «ታጠብ!» ሲሉ ድምፃቸው ከመንገድ ይሰማል።

ሌላ ልሠራው የነበረ ስህተት ክትባት ነው። ከሆስፒታል ስንወጣ የሳንባ ነቀርሳውን ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ ወስዳለች። የካቲት መጨረሻ ላይ ስድስት ሳምንት ሲሞላት ግን ፈራሁ። ቀድማ የተወለደች፣ ታማ የተነሳች፣ ገና ኮሳሳ ልጅ ናት፤ በሁለቱም ጭኗ ሊወጓት? ትንሽ ትጠንክር ብዬ ሳምንት አሳለፍኩ። ሲስተር ስትሰማ ተቆጣችኝ። ቀድሞ የተወለደ ልጅም የሚከተበው ከተወለደበት ቀን ተቆጥሮ ነው፤ ስንቁ ያነሰ ስለሆነ እንዲያውም ለእሱ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ወሰድኳት። ትክትኩ፣ ዘጊ አነዳው፣ መንጋጋ ቆልፉ በአንድ መርፌ፣ የሳንባ ምቹ በሌላ፣ የተቅማጡ በጠብታ። የቢሲጂዋ ቦታ ደግሞ እዚያው ሰሞን እንደ ብጉር አብጦ መግል ቋጠረ። እናቴ ቅቤ ልትቀባው ስትል እጇን ያዝኩት። ይህ ቁስል የሚጠበቅ ነው፤ አይነካም፣ አይቀባም፣ በራሱ ደርቆ ጠባሳ ይሆናል።

ከሁሉም ያልጠበቅኩት ክፉ ጊዜ ሐምሌ ላይ መጣ። ወፍራለች፣ ትስቃለች፣ ክርስትናዋም አልፏል፤ አለፈ ብዬ ነበር። ድንገት ሳል ያዛት፣ ከዚያ እንደገና፣ ከዚያ ተቅማጥ። «ምን አጠፋሁ?» ብዬ አለቀስኩ። ያችው ሐኪም ሳቀችብኝ። ከእኔ የወሰደችው ስንቅ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። የራሷ ደግሞ ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለቱም ዝቅ የሚሉበት ወቅት አለ። በዚያ ላይ ክረምት ነው፣ ገንፎም ጀምራለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች። ጉንፋኑ እሷን የሚያስተምራት እንጂ የኔ ጥፋት አልነበረም። ደረቷ ወደ ውስጥ ካልገባ፣ ከጠባች፣ ከሸናች፣ ከተጫወተች ቤት ሆና ታልፈዋለች አለችኝ። አለፈችው።

ገና አራስ ቤት ላላችሁ፣ ሲስተር ያን ቀን ያየቻቸውን ነገሮች ልድገማቸው። በመጀመሪያው ወር ልጃችሁ መጥባት ካቆመ፣ ስትቀሰቅሱት ካልነቃ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ከተነፈሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ካለው ጠዋትን አትጠብቁ። ቴርሞሜትር ግዙ። ለአራስ ጥየቃ የምትሄዱም ከስኳርና ከሳሙናው ጋር ቴርሞሜትር ብትይዙ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። እርጉዝ የሆናችሁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁን ውሰዱ፤ እሱም ከስንቁ አንዱ ነው።

ጥቅምት ላይ፣ ዘጠኝ ወሯ ሲሞላ፣ ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ሄድን። ለምን እስካሁን እንደቆየ ጠየቅኩ፤ አሁን መጠየቅ ለምዶብኛል። ከእናቷ ያገኘችው ፀረ እንግዳ አካል ገና ካላለቀ ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል አለችኝ ሲስተር። ስንቄ እስኪያልቅ ነበር የሚጠበቀው። መርፌው ሲገባ ልጄ መጀመሪያ ትንፋሿን ዋጠች፣ ከዚያ ጤና ጣቢያው እስኪናወጥ ጮኸች። ተራ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ዞረው አዩን።

አማቴ ተቀብለው አዘሏትና «ኧረ ይቺስ ጨዋ አይደለችም!» አሉ፣ እየሳቁ።